ቂም በገመድ ጫፍ

ኢቶ ያን ቀን ጠዋት ከአልጋዋ የተነሳችው ሰው ለመበደል ነው። በቀዘቀዘ ውሃ ፊቷን ታጥባ፣ ካልሲ በካልሲ ላይ ደርባ፣ የሱፍ ኮፍያዋን እስከ ቅንድቧ ስባ ስትወጣ አንድም ጊዜ አላመነታችም። በሞሮኮዋ ተራራማ ከተማ በኢፍራን ጣሪያዎች ላይ በረዶው ክንድ ያህል ተከምሯል። የመንገዱ ውሃ መስተዋት ሆኗል። ውሾቹ እንኳ ከዳቦ ቤቱ ግድግዳ ሥር ተኮራምተው ለመጮህ ሰንፈዋል። እሷ ግን ብርዱ ከቁብም አልገባላት። ሦስት ዓመት ሙሉ ስታብሰለስለው የኖረችው ቂም ከማንኛውም ካፖርት በላይ ያሞቃት ነበር።

አሰልጣኙ ሲ በናስር ከጫካው መግቢያ ላይ መኪናውን አቁሞ፣ እጆቹን ብብቱ ውስጥ ቀብሮ፣ በአንድ እግሩ ይዘላል። ከጎኑ ጥቁር መነጽር ያደረገ ረጅም ወጣት ቆሞ ቁርጭምጭሚቱን ያሟሙቃል። ጋሊ ነው። የትልቁ ሆቴል ባለቤት ልጅ፣ አንድ ጊዜ የኢቶ ዓለም የነበረ ሰው፣ አሁን ደግሞ ዓይነ ስውር ሯጭ።

«ያ ረቢ፣ አምላኬ!» አለ ሲ በናስር። «ጦጣዎቹ እንኳ ዛሬ ከዛፍ አልወረዱም። እኔ ግን ሁለት እብዶች ይዤ በረዶ ላይ ቆሜያለሁ።»

«ሦስት ነን፤ ራስዎን አይርሱ» አለ ጋሊ።

«እኔ ደሞዝ አለኝ! ለደሞዝ የሚያብድ እብድ አይባልም።» አሰልጣኙ ወደ ኢቶ ዞረ። «ነይ ልጄ ፋድማ። ጉሮሮሽ ተሻለሽ?»

ኢቶ በእጇ «እንደነገሩ» የሚል ምልክት ሰጠች።

ፋድማ የመታወቂያዋ ስም ነው። ኢቶ ብለው የሚጠሯት የወለዷትና የወደዷት ብቻ ነበሩ። የጋሊ መሪ ሯጭ በረዶ አንሸራትቶት እግሩን ሲሰበርና ሲ በናስር «ከዚህ ልጅ እኩል የሚሮጥ ማን አለ?» ብሎ ሲጨነቅ፣ ከክለቡ ሴቶች መካከል «እኔ አለሁ» ያለችው ፋድማ ነበረች። ሴት ልጅ ከወንድ ጋር በገመድ ታስራ ስትሮጥ ማየት ለከተማው ሰው የሳምንት ወሬ ሆኖ ሰነበተ። ሲ በናስር ግን ለወሬ ጆሮ ዳባ ልበስ ያለ ሰው ነው። በዋና ከተማው በራባት የሚደረገው ውድድር ደርሶበታል፤ ጋሊም ከዚያ ውድድር በቀር ከቤት የሚያወጣው ነገር አልነበረውም።

አሰልጣኙ የገመዱን አንድ ጫፍ በጋሊ አንጓ፣ ሌላውን በኢቶ አንጓ ላይ አሰረና እንደ ወትሮው ምክሩን ደገመው። «ድንጋይ ሲኖር ድንጋይ በይው። ቁልቁለት ሲመጣ ቁልቁለት በይው። ገመዱን አትልቀቂ። በዚህ ጫካ ውስጥ ከአንቺ ሌላ ዓይን የለውም።»

ይህን ስትሰማ ኢቶ ደረቷ ውስጥ ደስታ የሚመስል፣ ደስታ ያልሆነ ነገር ተሰማት።

ሮጡ።

የመጀመሪያው ዳገት ላይ የሚሰማው የጫማቸው ድምፅ ብቻ ነበር። በረዶው እየተፈረካከሰ ከእግራቸው ሥር ይጮሃል። ከዝግባዎቹ ቅርንጫፍ አልፎ አልፎ የበረዶ ጭነት ዱብ ይላል፤ ጋሊም በድምፁ ይደነግጥና መልሶ በራሱ ይስቃል። ሳቁ አልተለወጠም። ኢቶን ያንገበገባት አንዱ ነገር ይኸው ነው። ዓይኑን ያጣ ሰው፣ እሷን ያጣ ሰው፣ እንዴት በድሮ ሳቁ ይስቃል?

«ፋድማ» አለ ትንፋሹን እየሰበሰበ፣ «አንቺ ሰው አታናግሪም?»

«ጉሮሮዬን አሞኛል» አለች በሹክሹክታ።

«ባለፈው ሳምንትም አሞሽ ነበር።»

«ብርዱ አልለቀቀኝም፣ ጌታዬ።»

«ጌታዬ አትበይኝ እንጂ! በአንድ ገመድ ታስረን ጌታና ሎሌ እንሁን?»

«እርስዎ የለመዱት ነው። ድንጋይ።»

ጋሊ ድንጋዩን ዘለለ።  ኢቶ ግን ፊቱን በጎን ስታየው ከንፈሩ ጠርዝ ላይ አንድ ነገር ታጥፎ አየች። ፈገግታ ይሁን ሕመም አልለየላትም። ይለይልኝም አላለችም፤ ዓይኗን ነቅላ ወደ መንገዱ መለሰች።

በዚሁ መንገድ ነበር የተዋደዱት። እሱ የሆቴሉ ልጅ፣ ከፌዝ ከተማ የመጣ ቤተሰብ ልጅ፣ ጫማው ከፈረንሳይ የሚላክለት፤ እሷ ከጫካው ማዶ ካለችው ከታብሪዳ መንደር፣ በወንድሟ ጫማ ጨርቅ ጎስጉሳ የምትሮጥ የበግ ነጋዴ ልጅ። መጀመሪያ ተሽቀዳደሙ። ቀጥለው ተሰዳደቡ። ከዚያ አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ መሮጥ አቃተው። ሁለቱ መንገዶች ከሚገናኙበት ገላጣ ላይ፣ አመዳዩ ሽፋሽፍቷ ላይ ሲቀር እያየ፣ «የፊታችን አርብ የቤተሰቤ ስኳር ደጃችሁ ይደርሳል» አላት። በዚያ አገር፣ በሾጣጣ ድፍን ራስ የሚሠራው ስኳር ደጅ ደረሰ ማለት ልጅቷ ለትዳር ተጠየቀች ማለት ነው። ኢቶ ያን ቀን ወደ ቤቷ የሄደችው በእግሯ ይሁን በክንፍ አታውቀውም።

አርብ መጣ። ጋሊ አልመጣም።

ከአርቡ በፊት ረቡዕ የኢቶ እናት በድንገት አረፈች። የታብሪዳ ሰው ሁሉ ግቢውን ሞላው። ኢቶ ለለቅሶኛው ሻይ እያፈላች፣ በየመሐሉ ጣሪያው ላይ እየወጣች መንገዱን ታይ ነበር። ይመጣል፤ ለጥያቄው ባይሆን ለለቅሶው ይመጣል አለች። ለቅሶ ደራሾችን የሚያመጡ መኪኖች መጡ፤ ተመለሱ። በረዶው ጣለ። ማንም የለም። ዘመድ በእናቷ ሞት የምታለቅስ መስሎት አባበላት። እሷ ግን በሁለት ሞት ታለቅስ ነበር።

ሐዘኑ ጋብ ሲል፣ ነገሩን ከራሱ አፍ ልስማ ብላ ወደ ሆቴሉ ሄደች። በሩን የከፈቱት እናቱ ላላ ኬንዛ ነበሩ። ከጫማዋ ጀምረው እስከ መቀነቷ አዩዋትና፣ «የልብስ አጣቢ ቦታ ሞልቷል፣ የኔ ልጅ። እንግዳ ሲበዛ በሙቀቱ ወራት ተመለሺ» አሉና ዘጉት። ኢቶ ወደ ኋላ አፈግፍጋ ቀና ስትል ጋሊ ከላይ መስኮት ላይ ቆሟል። ዓይን ለዓይን ተያዩ። እሱ ፊቱን አዞረ።

«ዓይኑ ይጥፋ!» አለች፣ ደሟ ፈልቶ። ጮኻ አይደለም፤ ለራሷ ነው።

በዓመቱ ጋሊ የሚነዳት መኪና ተራራው ላይ በረዶ አንሸራትቷት ከዛፍ ጋር ተላተመች፤ መስታወቱ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ወሬው ታብሪዳ ሲደርስ ኢቶ ሌሊቱን ሙሉ በጉልበቷ ተንበርክካ አደረች። ፈርታ ነበር። ጠዋት ላይ ግን ቂሟን ፈትሻ አየችው፤ ካለበት ንቅንቅ አላለም። የእግዜሩ የእግዜር ነው፤ የኔ ግን ገና ነው አለች።

ይኸው ዛሬ ደረሰ።

ገላጣው ላይ ሲደርሱ ነፋሱ ከአራቱም አቅጣጫ ይገርፍ ነበር። ከዚያ አንዱ መንገድ ወደ ከተማው ይመለሳል፤ ሌላው ቁልቁል ወደ ታብሪዳ ይወርዳል።

«እዚህ ይቁሙልኝ፣ ጌታዬ። የጫማዬ ክር ተፈታ።»

ጋሊ ቆመ። ኢቶ ጎንበስ አለች። የጫማዋን ሳይሆን የአንጓዋን ቋጠሮ ፈታች። የገመዱን ጫፍ ድምፅ ሳታሰማ በረዶው ላይ አስቀመጠችና፣ በራሷ ዱካ ላይ እየረገጠች ወደ ኋላ ሄዳ ከአንድ ዝግባ ጀርባ ተጠጋች።

እንዲሞት አልፈለገችም። እንዲያውቅ ነው የፈለገችው። ሰው ሲጠብቁ መቅረት ምን እንደሚመስል፣ መንገድ ላይ ዓይን ሲንከራተት፣ እያንዳንዱ ኮሽታ እሱ ሲመስል፣ ቀኑ ሲመሽና ማንም ሳይኖር። ያላበው ሯጭ በዚህ ቁር ከቆመ ላቡ ጀርባው ላይ እንደሚረጋ ታውቃለች። ይርጋ። ይንቀጥቀጥ። «ፋድማ! ፋድማ!» ብሎ ይጮህ፤ ጩኸቱን ጠጥታ ትጠግባለች፤ ከዚያ በኋላ ትመለስና እጁን ይዛ ወደ አሰልጣኙ ትወስደዋለች። እንዲህ ነበር ያሰበችው።

ጋሊ ግን አልጮኸም።

መጀመሪያ ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ። ቀጥሎ እጁን ሳብ ሲያደርግ ገመዱ ባዶውን መጣለት። ፊቱ ላይ ድንጋጤ ስትጠብቅ አንዳች አላየችም። ገመዱን ቀስ እያለ መዳፉ ላይ ጠቀለለውና እጁን አጣምሮ ቆመ። ከትከሻው ላይ እንፋሎት ይወጣ ነበር፤ ቆይቶ እንፋሎቱ ቆመ። ጉልበቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጥርሱ ሲንገጫገጭ እሷ ድረስ ይሰማል። አልተንቀሳቀሰም። ኢቶ የዝግባውን ቅርፊት በጥፍሯ ቧጨረች። ጩህ እንጂ አንተ ሰው! ለምን አትጮህም?

በመጨረሻ ጋሊ አፉን ከፈተ። ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ከጎኑ ያለ ሰው እንደሚያወራ ነው የተናገረው።

«ኢቶ» አለ። «ከበቃሽ ንገሪኝ። ካልበቃሽም እቆማለሁ።»

ኢቶ ዛፉን ተደግፋ ቆየች፤ ከዚያ በረዶውን እየጣሰች እፊቱ መጥታ ቆመች።

«ከመቼ ጀምሮ?» አለች። ሹክሹክታው ቀርቷል።

«ከመጀመሪያው ቀን። ዳገት ስትወጪ በአፍንጫሽ እንደተቆጣች ድመት ትተነፍሻለሽ። ከሪፍ ተራሮች እስከ ሰሐራ እንደዚያ የሚተነፍስ ሌላ ሰው የለም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ? ትቀልድብኝ ነበር?»

«ካወራሁ ትሄጃለሽ ብዬ ነዋ! ያዘንሽልኝ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ደግሞ ስትስቢኝ ገመዱ ላይ ቁጣሽ ተሰማኝ። ይሁን፣ ቁጣዋም ቢሆን ከምንም ይሻላል አልኩ። ደግሞ ምን መብት አለኝ? ባለትዳር ሴት...»

«ማን ናት ባለትዳር?»

ጋሊ የጠቀለለውን ገመድ መዳፉ ውስጥ ጨበጠ።

«ማን ናት ባለትዳር አልኩህ!»

«አንቺ አይደለሽም እንዴ? ያን አርብ...» ድምፁ ተሰበረ። «ያን አርብ ስኳር ልኬ አልነበር? እናቴ ከነዚያ ተራራ ሰዎች ደጅ አልቆምም አለች። አባቴ ደግሞ ስኳሩ ይቅደም፣ ከተቀበሉት ወደው ነውና መልስ ይልኩብናል፣ ያኔ እንሄዳለን አለ። ሾፌራችንን ላርቢን አራት ራስ ስኳር አስይዤ ላክሁት። አራቱንም በአረንጓዴ ሪባን ያሰርኩት በገዛ እጄ ነው። ተመልሶ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ቤቱ በሰው ጢም ብሏል፤ ሽማግሌዎች በሩ ላይ ቆመዋል፤ የስኳሩ ክምር ደጃፉ ላይ ተቆልሏል፤ የኛንም ተቀብለው እላዩ ላይ ጣሉት፤ ሌላ ሰው ቀድሞዎታል ጌታዬ አለኝ። መልስ ጠበቅኩ፤ የመጣ የለም።»

ነፋሱ በመካከላቸው አለፈ።  በዚያ አገር ስኳር ሳይዙ ልጅ አይጠየቅም፤ ስኳር ሳይዙም ለቅሶ አይደረስም። ከግቢ በር ላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው፣ ሁለቱም ቤት ያው አንድ ነው።

«ቤቱ በሰው የሞላው እናቴ ሞታ ነው» አለች።

«ምን?»

«ረቡዕ አረፈች። አርብ ሦስተኛዋ ነበር። ሰዎቹ ለቅሶኞች ናቸው። ስኳሩም የለቅሶ ስኳር ነው።»

ጋሊ እበረዶው ላይ በጉልበቱ ወደቀ። «ያ ረቢ! ላርቢ እኮ የናንተን ቋንቋ አይሰማም። መንገዱ ሳይዘጋብኝ ብሎ ከመኪናው እንኳ በቅጡ አልወረደም...»

ኢቶ አልሰማችውም። በሐሳቧ ያን አርብ ወጥ ቤቱ ውስጥ ነበረች፤ የስኳር መስበሪያዋን ትንሽ መዶሻ ይዛ፣ ዓይኗ በለቅሶ አብጦ። አራት ራስ ስኳር፣ በአረንጓዴ ሪባን። ለቅሶ ላይ ሪባን የሚያስር ምን ዓይነት ባለጌ ነው ብላ በጥርሷ በጥሳ እሳት ውስጥ ጥላዋለች። ከዚያ ስኳሩን መትታ መትታ ሰበረችው።

«እኔ ነኝ የሰበርኩት» አለች፤ ድምፁ የራሷ አልመሰላትም። «የኔን መጠየቂያ እኔው በመዶሻ ፈለጥኩት። ሻይ አፍልቼ ለለቅሶኛው አጠጣሁት፣ ጋሊ። እኔም ጠጣሁ። አንተን ስጠብቅ አፌ መሮኝ፣ ስኳር ጨምሬ ጠጣሁ።»

ጋሊ እጁን ዘረጋ። እጁ ያገኘው አየር ነው። እሷ ወደ ኋላ ሸሽታለች፤ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጭና፣ ሳቅም ለቅሶም ያልሆነ ነገር ከውስጧ እየገነፈለ። ሦስት ዓመት ያሳደገችው ቂም ባለቤት አልባ ሆኖባት በባዶው ይንቦገቦግ ነበር። ማንን ትጥላ? ሾፌሩን? በረዶውን? ሞትን? የጠላችውን ሰው በአንድ ጊዜ መነጠቅም ለካ ያማል።

«መስኮቱስ?» አለች ድንገት። «እናትህ የልብስ አጣቢ ቦታ ሞልቷል ብለው በር ሲዘጉብኝ፣ አንተ ከላይ ሆነህ አይተኸኝ ዞርክ። ያኔም ላርቢ ነው ያዞረህ?»

ጋሊ ቀና አለ። «እናቴ ምን አለችሽ?»

«የሰማኸውን!»

«እኔ የሰርግሽን ወሬ ይዘሽ የመጣሽ መስሎኝ ነበር። ሳለቅስ እንዳታዪኝ ነው የዞርኩት። በሩ ላይ የተባለውን ግን አልሰማሁም፤ በእናቴ... አይ፣ በእሷ እንኳ አልምልም። በእግሮቼ እምላለሁ።»

በእግሮቼ ሲል የኢቶ ቁጣ ያጣውን ባለቤት አገኘ። እንደ እሳት ተነሳባት።

«እግር!» ብላ ጮኸች፤ ጫካው መለሰላት። «እግር ነበረህ አይደል? በየማለዳው ይህን ጫካ ሁለት ጊዜ የምትዞር ሰው፣ ከዚህ እስከ ታብሪዳ ቁልቁለት መውረድ አቃተህ? ሾፌር ላክህብኝ? እንደ ኮንትራት ዕቃ? ላርቢ አገባች ቢልህ፣ ሮጠህ መጥተህ ኢቶ እውነት ነው ወይ ማለት አልነበረብህም? እኔ በዚያ ሐዘን ውስጥ በእግሬ ደጃችሁ ድረስ መጣሁ! አንተ ግን የመስኮት ሰው ነህ!»

ጋሊ ራሱን አላስተባበለም። ከንፈሩ በብርድ ጠቁሯል።

«ፈራሁ» አለ።

«ምንን?»

«በራችሁ ላይ ቆሜ፣ አዎ አግብታለች ሲሉኝ መስማትን። ከሩቅ ሆኜ ባዝን ይሻላል አልኩ። ይኸው ነው፣ ኢቶ። ሌላ ምክንያት የለኝም። ላርቢ ተሳስቷል፤ እኔ ግን አልተሳሳትኩም። ፈሪ ነበርኩ።»

ኢቶ ለረጅም ጊዜ አየችው። መነጽሩ ላይ በረዶ ተጋግሯል። ይህን ፊት በሕልሟ ስንት ጊዜ በጥፊ መትታዋለች! አሁን እፊቷ ተንበርክኮ ስታገኘው እጇ አልነሳ አላት። ግን ይቅርታም ከአፏ አልወጣም። ያን ሁሉ ዘመን ለአንድ «ፈራሁ» በነጻ የሚለቅ ልብ አልነበራትም።

የአንገት ልብሷን ፈታች። አንገቱ ላይ ጠመጠመችለትና ጠበቅ አድርጋ ቋጠረችው።

«አዘንሽልኝ?» አለ።

«እንዳትሞትብኝ ነው። ገና አልጨረስኩህም። ተነስ።»

ተነሳ።

«አሁን ትሄዳለህ» አለች። «በገዛ እግርህ። ያን አርብ መምጣት የነበረብህን መንገድ። ሾፌር የለም፣ ስኳር የለም፣ ገመድም የለም። እኔ ከኋላህ እሆናለሁ፤ ግራ ስልህ ግራ፣ ቀኝ ስልህ ቀኝ። እጅህን አልይዝም።»

«ብወድቅስ?»

«ትነሳለህ።»

«ሲ በናስርስ? ይጠብቀናል እኮ።»

«ይጠብቅ። ደሞዝ አለው።»

ጋሊ በዚያ ሁሉ ብርድ ውስጥ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ጠፋ። «እናቴንስ?»

«እናትህ የአንተ ናቸው ብዬ አልተውልህም። ከሳቸው ጋር ያለኝ ነገር ሌላ ነው፤ ቀን አለው። በል ሩጥ!»

ሮጠ። እጆቹን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ ትከሻውን ሰብስቦ፣ እንደ ሕፃን እየረገጠ ጀመረ። «ግራ!» አለችው። «ቀጥ በል! ቁልቁለት!» የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ በግንባሩ ተደፍቶ በረዶ ውስጥ ሰጠመ። ኢቶ ቆመች። ልቧ እየዘለለ፣ እግሯ ወደ እሱ እየሳባት ቆመች።

«ተነስ!»

አፉ ውስጥ የገባውን በረዶ እየተፋ ተነሳ። «ይህ መንገድ ያን ጊዜም እንዲህ ነበር?»

«ያን ጊዜ ዓይን ነበረህ! ቀኝ!»

ክፉ ቃል ነው። ከአፏ ሲወጣ አወቀችው። ጋሊ ግን እንደ ጅራፍ ተቀበለውና ፍጥነት ጨመረ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ እጆቹ ወደ ጎኑ ወረዱ። ድምጿን ማመን ጀመረ። ያ አሮጌው አሯሯጡ፣ ጉልበቱን ከፍ፣ አገጩን ዝቅ የሚያደርግበት፣ ተመልሶ መጣ። ኢቶ ከኋላው ሆና ዓይኗን ሳትነቅል አየችው። አዎ፣ እንዲህ ነበር የሚሮጠው። እንዲህ እየሮጠ እንዲመጣላት ነበር ጣሪያው ላይ ስትወጣና ስትወርድ የዋለችው።

ከመንደሩ ምንጭ አጠገብ በረዶው መስታወት ነው። «ቀስ!» ብላ ሳትጨርስ እግሩ ከዳው፤ በጉልበቱ ድንጋይ ላይ ወረደ። ሱሪው ተቀደደ፤ ደሙ በነጩ ላይ ጠብ ጠብ አለ። ኢቶ ሮጣ አጠገቡ ደረሰች። እጇ ሊይዘው ተዘረጋ፤ ትከሻውን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ጋሊ አላወቀም። ጥርሱን ነክሶ፣ መሬቱን ተመርኩዞ፣ ብቻውን ተነሳ።

«ወዴት ነው?» አለ።

በቀሏ እዚያ ላይ አለቀ። ከጫማው ውስጥ ጠጠር እንደወጣለት ሰው ቀለል አላት። ግን አልነገረችውም። እጇን ሰበሰበች። «ግራ» አለች።

ምንጩ ላይ ጀሪካን ይዘው የቆሙ ሴቶች አፋቸውን ከፍተው ያዩዋቸዋል። ከመካከላቸው አንዷ፣ አክስቷ ቱዳ፣ ወገቧን ይዛ ጮኸች።

«ኢቶ! ያን ሰውዬ ምን አድርጎሽ ነው እንደ ከብት የምትነጂው?»

«ራሱን ጠይቂው!»

«ዘግይቼ ነው፣ እናቴ!» አለ ጋሊ ሳይቆም።

«ምን ያህል ብትዘገይ ነው?»

«ሦስት ዓመት!»

ሴቶቹ ተንጫጩ። አክስቷ ቱዳ ግን አልሳቀችም። ያን አርብ ከጣሪያ ላይ ኢቶን በብብቷ አቅፋ ያወረደቻት እሷ ናት። ጀሪካኗን አስቀምጣ፣ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፍና ቆመች።

አባቷ ሞሃ ግቢያቸው በር ላይ በረዶ በአካፋ ይጠርጋል። ቀና ሲል ደም በእግሩ የሚወርድ፣ በኢቶ የአንገት ልብስ የተጠመጠመ ዓይነ ስውር የከተማ ሰው እየሮጠ ወደ እሱ ሲመጣ አየ። አካፋው በእጁ ላይ ቀረ። ሊናገር አፉን ከፈተ። ኢቶ ከጋሊ ጀርባ ሆና ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች፤ አባቷም ከፊቷ ላይ ምን እንዳነበበ እንጃ፣ አፉን መልሶ ገጠመ።

ውሻው በሰንሰለቱ ላይ እየዘለለ ይጮሃል። ከምድጃው የዝግባ ጢስ ይሸታል። ጋሊ በሩ አጠገብ ሲደርስ እርምጃውን ቀነሰ።

«ደረስን?» አለ።

ኢቶ በሩን አየች። ደርሷል። በሩ ክንድ የማይሞላ ርቀት ላይ ነው። አንድ ቃል ብትናገር ሁሉም ነገር ያልቃል፤ ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ሽማግሌ ይባላል፣ እናቱ ይመጣሉ፣ ሌላ ጠብ ይጀመራል። እሷ ግን ሲመጣ ገና በቅጡ አላየችውም። ዓመታት የጠበቀችው ሰው ወደ እሷ ሲመጣ ያየችው ለዚች ለአንዲት ቁልቁለት ብቻ ነው። አልጠገበችውም።

«ገና ነው» አለች። «ሩጥ።»

ጋሊ ለአንድ አፍታ ቆመ። ውሻውን ሰምቷል። ጢሱን አሽትቷል። የአካፋው ድምፅ ፊት ለፊቱ ሲቋረጥ፣ አንድ ሽማግሌ ትንፋሹን ሲውጥ ሰምቷል። የት እንደቆመ አሳምሮ ያውቃል።

«እሺ» አለና በሩን አልፎ ሮጠ።

ኢቶ ከኋላው ተከተለችው። «ግራ» ትለዋለች፤ «ቀጥ በል» ትለዋለች። ከእናቷ ለቅሶ ወዲህ ለእሱ ብላ አንድ ቀን ያላፈሰሰችው እንባ ጉንጯ ላይ እየሞቀ ሲወርድ፣ ጋሊ ማልቀሷን እንዳይሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ በመንደሩ መካከል ትነዳው ነበር።